በጓንግ ዳር የተሰቀለው ሳጥን

ሽመል ሜዳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንግዳው፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ጾሙን በሰላም ፈትተን በዓሉን በደህና ውለናል። እናትህ ካሰች ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ወንድምህ ደረበም አንተ ከገዛህለት ትራክተር ሳይወርድ ይውላል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጠመኔዬን እንደያዝኩ አለሁ። ዘንድሮ ርዕሰ መምህርት አድርገውኛል፤ ደመወዜ ግን ወሬውን ገና አልሰማም።

ያልደወልኩልህ እዚህ ኔትወርኩ ከሁለት ቃል በላይ ስለማያስኬድ ነው። የምጠይቅህ ደግሞ በሁለት ቃል የሚያልቅ አይደለም። እኔና አባትህ የእኅትማማቾች ልጆች ነን፣ ፊደል ያስቆጠርኩህም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሳላፍር እጠይቅሃለሁ።

ጓንግ ትምህርት ቤታችንን ሊወስደው ነው። አንተ በነበርክበት ጊዜ ከአራተኛ ክፍል በር እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ኳስ ትጫወቱ ነበር። ካቻምና በእርምጃዬ ስለካው አርባ ሁለት ሆነ፣ አምና ሠላሳ አንድ። በጥር የወረዳው መሐንዲስ መጣ። ጓንግ በጥር አሸዋ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ። ሰውየው በተወለወለ ጫማው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ተሻገረና «መምህርት፣ ትምህርት ቤት የሚበላው ይሄ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በክረምት መጥቶ እንዳያይ መንገዱ ዋልካ፣ የሚያሰምጥ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መኪና ሽመል ሜዳን አይረግጥም። ወንዙ ሲኖር መንግሥት የለም፣ መንግሥት ሲመጣ ወንዙ የለም።

ለእናትህ እንደነገርካት፣ ለአንዲት የግብርና ተመራማሪ ማሽላ ሲያድግ ቀኑን ሙሉ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ሠርተህላታል። ለእኔም ዝናብ ላይ ተሰቅሎ ክረምቱን በሙሉ ጓንግን የሚያይ ሥራልኝ። ኅዳር 15 የወረዳው ስብሰባ አለ፤ ከፊታቸው እዘረጋዋለሁ። መሐንዲሱም ያን ጊዜ ይሳቅ።

መድኃኔዓለም ከክፉ ይከልልህ።
ፋናዬ


ካርቱም፣ ግንቦት 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፤

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሳለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ለእናቴ፣ ለወንድሜ ለደረበ፣ ለዘበኛው ለጋሼ ውባንተ፣ እኔን ሁለት ጊዜ ለነከሰችኝ ውሻዎም ሳይቀር ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ደብዳቤዎን ሹፌሩ ይርዳው የምሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ድረስ አመጣልኝ። አንብቤ ስጨርስ ሥራውን ጀምሬ ነበር ማለት እችላለሁ። ተመራማሪዋ ሐሚዳ ጉዳዩን ስነግራት ከማሽላው የተረፈውን ሰሌዳ በነፃ ሰጠችኝ። መዳፍ የማትሞላ አንዲት ሰሌዳ ናት፤ ነገር ግን ሙሉ ኮምፒውተር ናት። ካሜራውን በቀጭን ገመድ አያይዤላታለሁ። ሁለቱንም ክዳኑ ጎማ ባለው፣ አራት ማዕዘን የምግብ ዕቃ ውስጥ አስገባኋቸው። ለካሜራው ዓይን ቀዳዳ በስቼ መስታወት ገጠምኩና ዙሪያውን በሲልከን ሙጫ ዘጋሁት። ከዚያ ባልዲ ውኃ ውስጥ ድንጋይ ጭኜበት አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው ጥግ ላይ ሦስት ጠብታ አገኘሁ። ፈታሁት፣ እንደገና ሠራሁት፣ እንደገና አሰጠምኩት። በአራተኛው ደረቅ ሆነ።

ገመዱ የሚገባው ከታች በኩል ነው፤ ውኃ ወደ ላይ አይወጣም። ውስጡ ያሉትን ነጫጭ ከረጢቶች እንዳይጥሏቸው፤ ከጫማ ካርቶን የሰበሰብኳቸው ናቸው፣ መስታወቱን እንዳያልበው እርጥበት ይመጥጣሉ። ከላይ የቆርቆሮ ጥላ ያብጁለት፤ የእኛ አገር ፀሐይ ከዝናቡ ይብሳል። ኃይሉን ከሶላርና ከሞተር ሳይክል ባትሪ ያገኛል። በየአሥር ደቂቃው ከንጋት እስከ ምሽት ያነሳል፣ ከዚያ ይተኛል።

አንድ ነገር አደራ። ይርዳው ባትሪ የገባበት ዕቃ ኬላ ላይ ያስፈራል ስላለ ትንሿን የሰዓት ባትሪ አውጥቼ ለብቻ ጠቅልያታለሁ። ሲሰቅሉት መልሰው ያስገቧትና በሦስቱ ቁልፎች ቀኑንና ሰዓቱን ይሙሉ። ቀኑ የግድ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ በእኛ ካስገቡት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድብናል። ማመሳከሪያውን በወረቀት ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለመስቀል እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ሥራው የሚለቀኝ አይመስልም።

አክባሪዎ እንግዳው


ሽመል ሜዳ፣ ሰኔ 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእንግዳው፤

የሠራ እጅህ አይዛል። ሳጥኑ መንገዱ ሳይዘጋ ደረሰ። ኬላ ላይ ሦስት ጊዜ ከፍተው አይተውታል፤ ይርዳው «የምሳ ዕቃ ነው» ብሎ ምሏል፣ ውሸትም አይደለም።

ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ዋርካ ላይ ሰቅለነዋል። ውባንተ በዚያ ዕድሜው አልወርድም ብሎ ግማሽ ቀን ዛፍ ላይ ዋለ። ግንዱን ጉንዳን ስለሚወጣው የተቃጠለ ዘይት ቀባንበት። አፋፉ፣ የአራተኛ ክፍል ግድግዳና የወንዙ መታጠፊያ በሙሉ ከፊቱ ናቸው። ሴቶቹ ግን ተሰብስበው መጡና «ስንታጠብ ሊያየን ነው?» አሉኝ። መታጠቢያቸው እንዳይታይ ትንሽ ወደ ግራ አዞርኩት። በማግስቱ ወንዶቹ መጥተው መሬት ሊለካ ነው ወይ አሉ። ሰኔ ወር ላይ የሚለካው ውኃ ነው አልኳቸውና ሄዱ።

ሰዓቱን እንዳልከው ሞላሁ። ቀኑን ከወረቀትህ አመሳክሬ በፈረንጅ አደረግኩት። የጠዋቱ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ደወል ሲደወል ልክ ሦስት ሰዓት አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ትንሿ መብራት ብልጭ አለች። ከሰዓት በኋላ በየአሥር ደቂቃው ብልጭ ስትል በመስኮት አያታለሁ፤ ተማሪዎቼም አብረውኝ ስለሚያዩ ሒሳቡ ተበላሽቷል።

እናትህ «ሳጥኑን ከላከ እሱስ መቼ ይላካል?» ብላለች። ሰባት ዓመት ሆነህ እኮ።

ፋናዬ


ሸሕዲ፣ መስከረም 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእንግዳው፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። ይህን የምጽፈው ሸሕዲ ከተማ፣ ጌች ፎቶ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብዬ ነው። ጭቃውን አምስት ሰዓት በእግሬ መጥቻለሁ። ደረበ በትራክተሩ ላድርስዎ ብሎኝ ነበር፤ በእግሬ መሄዱን መረጥኩ።

ነሐሴ 19 ቀን ጠዋት፣ ልጆቹ ለማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰበሰቡ፣ ጓንግ ሳይታሰብ ሞልቶ መጣ። ድምፁ ሲሰማ ሁሉንም ወደ ላይኛው ሜዳ አስወጣኋቸው። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ዓይናችን እያየ ሄደ። አንድም ልጅ አልነበረበትም፤ ከሩብ ሰዓት በፊት ግን ሁለት ልጃገረዶች ነበሩበት። ከአራተኛ ክፍል እስከ አፋፉ የቀረው አሥራ አራት እርምጃ ነው። ሳጥንህ ግን ከነሶላሩ እንደተሰቀለ አለ፣ አንድ ጠብታ አልገባበትም።

ፎቶዎቹ ያሉበትን የካሜራውን ሚሞሪ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። አንድ በአንድ ተመልከተውና ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ። ያየኸውን ሁሉ።

ፋናዬ


ካርቱም፣ ጥቅምት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፤

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ልጆቹ በመትረፋቸው እግዚአብሔር ይመስገን። ለእናቴ፣ ለጋሼ ውባንተ፣ ለይርዳው ቤተሰብ፣ ለትምህርት ቤቱ መምህራን በሙሉ፣ ለውሻዎም ሰላምታዬ ይድረስ።

አንድ ስህተት ተፈጥሯል። ቀኑን አስጠንቅቄ ስለ ሰዓቱ ግን ምንም አልነገርኩዎትም። ይህ የኔ ጥፋት ነው። እርስዎ የጠዋቱን ሦስት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሦስት ብለው ሞሉት፤ ለሳጥኑ ግን ሦስት ማለት ገና ሌሊት ነው፤ የጠዋቱን ሦስት እሱ ዘጠኝ ይለዋል። እዚህ ሰባት ዓመት ስቀመጥ ሰዓት ከንጋት የሚጀምርበት አገር መኖሩን ረስቼው ነበር። ስለዚህ ካሜራው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ጠዋት ጠዋት ተኝቶ፣ ከቀኑ ስድስት እስከ እኩለ ሌሊት ሲያነሳ ከርሟል። የነሐሴ 19 ጎርፍ የለም። ጠዋት የመጣ ጎርፍ አንድም አልተነሳም።

የከሰዓቶቹ ግን ጥሩ ናቸው፤ አፋፉ ከቀን ወደ ቀን ሲያንስ ይታያል። አርባውን አሳትሜ ልኬያለሁ። የምሽቶቹ ጨለማ ብቻ ስለሆኑ አጥፍቻቸዋለሁ። ለወረዳው ይህ የሚበቃ አይመስለኝም። የዘንድሮው ስብሰባ ቢያልፍና በሚቀጥለው ክረምት ሰዓቱን አስተካክለን እንደገና ብንሞክር የተሻለ ነው።

አክባሪዎ እንግዳው


ሽመል ሜዳ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእንግዳው፤

ሰላምታህን ለሁሉም አዳረስኩ። ለውሻዬም ነግሬያታለሁ። ለይርዳው ቤተሰብ ሳይቀር ሰላም ብለሃል፤ ለወንድምህ ለደረበ ግን አላልክም። በሰባት ዓመት ደብዳቤህ ውስጥ ስሙ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ ፎቶዎቹን ማየትህን አወቅሁ።

እኔም አይቻቸዋለሁ። ሚሞሪውን ከመላኬ በፊት የፎቶ ቤቱ ጌች በኮምፒውተሩ ገለበጠልኝ፤ ቅጂው እኔ ዘንድ አለ። የሰዓቱ ስህተት እውነት ነው፤ የሒሳብ መምህርት ሆኜ እንዲህ መሳሳቴ ያሳፍራል። የምሽቶቹ ግን ጨለማ አይደሉም። ሰው ከወንዙ ከወጣ በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ትራክተር መብራቱን አብርቶ ከትምህርት ቤቱ ግርጌ ይቆማል። ሦስት ሰዎች አፋፉን ከሥሩ እየቦረቦሩ አሸዋ ይጭናሉ። አሥራ ሰባት ምሽት። ሸሕዲ ቤት የሚሠራው በዝቷል፣ በክረምት ያን ጭቃ የሚያልፈው ትራክተር ብቻ ስለሆነ አሸዋው ይወደዳል። ወንዙ የሚበላው ወንድምህ የቆረሰለትን ነው።

ቀድሞ ታውቂ ነበር ወይ ካልከኝ፣ አዎ። በመጋቢት አናገርኩት። «እትዬ፣ እርሻ ሲያልቅ ትራክተሩ ቆሞ ምን ያብላኝ? እናቴንስ በምን ላኑራት? አሸዋው እንደሁ የወንዙ ነው» አለኝ። ለአንተ ብጽፍልህ ያቺ መምህርት ቀንታ ነው ትል ነበር። ስለዚህ ስለ እሱ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ካሜራውን ካንተ ጠየቅኩ። ወንዙንም እንዲያይ ፈልጌ ነበር፣ ያ ውሸት አይደለም። ወንድምህን ግን ካየህ በራስህ ዓይን እንድታየው ፈለግኩ። አየኸው፤ አይተህም ዋሸኸኝ።

ተናድጄብሃለሁ። ከመናደዴ ይልቅ ግን አዝኛለሁ። አራተኛ ክፍል ሃምሳ ሦስት ልጆች አሉኝ። ሌላ ክረምት አልጠብቅም። ኅዳር 15 ከነምሽቶቹ ይዤ እቀርባለሁ። ያለ አንተ ፈቃድም መሄድ እችላለሁ፤ ግን አንተ በሠራኸው ዓይን የአንተን ወንድም ሳልነግርህ ላቀርበው አልወድም። በፈቃድህ ነው ወይስ ያለ ፈቃድህ? ይህን ብቻ መልስልኝ።

ፋናዬ


ካርቱም፣ ኅዳር 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፤

ከእግርዎ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እውነቱን ነው የጻፉት፤ የጨመሩብኝ የለም።

የመጀመሪያውን የምሽት ፎቶ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ካሜራው በዚያ ጨለማ መሥራቱ ገርሞኝ ሐሚዳን ሁሉ ጠራኋት። ከዚያ የትራክተሩን መብራቶች አየሁ። ግራው ነጭ ነው፣ ቀኙ ቢጫ። ቢጫውን ከዚህ ፈልጌ የላክሁለት እኔ ነኝ። ሐሚዳ «የማን ትራክተር ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኩ። ያን አንዴ ካልኩ በኋላ ለእርስዎም ማለት አልከበደኝም። ፎቶዎቹን በእጄ አጠፋኋቸው። እርስዎ ዘንድ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ይህን ሳስብ ራሴን እፈራዋለሁ።

እትዬ፣ እዚህ ሰው «ሰባት ዓመት ምን ሠራህ?» ሲለኝ ለቤተሰቤ ትራክተር ገዝቻለሁ እላለሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ባዶ እጄን እንዳልመጣ ያ ትራክተር እዚያ ቆሞልኛል ብዬ አስብ ነበር።

ለደረበ ደወልኩለት። ከሦስት ጊዜ መቋረጥ በኋላ «እኔ እዚህ ጭቃ ውስጥ እናትህን ስጦር አንተ ሳጥን ትልክብኛለህ» አለኝና ዘጋው። እውነትነት የሌለው ነገር አይደለም። ቢሆንም ልጆቹ ይበልጣሉ።

የትራክተሩ ሊብሬ በእኔ ስም ነው። ስለዚህ ባለቤቱ እኔ መሆኔን፣ ንብረቴ የትምህርት ቤቱን አፋፍ ማፍረሱን፣ ወረዳው በትራክተሩ ላይ የሚወስነውን መቀበሌን ጽፌና ፈርሜ አብሬ ልኬያለሁ። በስብሰባው ላይ ያንብቡት። ፎቶዎቹን በሙሉ ያሳዩ። በፈቃዴ ነው።

ለወንድሜ ለደረበ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

እንግዳው


ሽመል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንግዳው፤

አምላክ ብርታቱን ይጨምርልህ። ደብዳቤህ በስብሰባው ዋዜማ ደረሰኝ፤ ይርዳው ስላልተኛበት ምስጋና ይገባዋል።

ጌች ኮምፒውተሩን ይዞ አብሮኝ ቀረበ። የከሰዓቶቹን ፎቶዎች አከታትሎ ሲያሳያቸው የሦስት ወር ነገር በአንድ ደቂቃ አለቀ፤ አፋፉ እንደ ዳቦ ሲገመጥ ታየ። መሐንዲሱ አልሳቀም። «ድገሚልኝ» አለ፤ ሦስት ጊዜ ደገምንለት። ቀጥሎ ምሽቶቹን አሳየሁ። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ትራክተሩን ያውቀዋል፤ ያን አሸዋ ገዝቶ ቤቱ ላይ ያፈሰሰም ነበረበት። ጉሮሮ መጥረግ በዛ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ወረቀትህን አነበብኩ። ስምህን ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ጠራሁት።

ወሰኑ። ከትምህርት ቤቱ ግርጌ አሸዋ ማውጣት ተከልክሏል። ድንጋይ የሚሞላበትን የሽቦ ሳጥን፣ ጋቢዮኑን፣ ወረዳው ከክረምት በፊት ያቀርባል። ድንጋዩን ከተራራው ሥር ያ ትራክተር መቶ ሃያ ጊዜ ተመላልሶ ያመጣል፤ እስኪጨርስ ሌላ ሥራ አይነካም። አራተኛ ክፍልን እስከዚያ ወደ ላይኛው ሜዳ ዳስ አዛውሬዋለሁ። ነፋሱ ወረቀት ይወስድብናል፤ መሬቱ ግን ከሥራችን አይሄድም።

ደረበ ሁለት ሳምንት ትራክተሩን አላስነሳም። እናትህም አታናግረኝም ነበር። ባለፈው እሑድ በዱላዋ እየተደገፈች መጣችና «ያን ፎቶ አሳይኝ» አለችኝ። ጌች ያተመልኝን አንድ በአንድ በእጇ ሰጠኋት። አይታ ስትጨርስ ደርድራ መለሰችልኝና ወጣች። ሰኞ ጠዋት ትራክተሩ ድንጋይ ጭኖ ሲመጣ ከደረበ አጠገብ ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዛሬ ዘጠነኛውን አራገፈ። አያናግረኝም፤ እኔም ቁጥሩን ብቻ እነግረዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እናትህ አጠገቤ ናት። ለአንተ እንድጽፍልህ የነገረችኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸውልህ፦

«ሁለቱንም እኔ ነኝ የወለድኳቸው። አንዱ አፈረሰ፣ አንዱ ደበቀ። ያፈረሰው ድንጋይ እየጫነ ነው። የደበቀው ፈርሞ ወረቀት ልኳል፤ ወረቀት ድንጋይ አያነሳም። መቶ አሥራ አንድ ቀርቷል በዪው። መጥቶ ከወንድሙ ጋር ይጫን።»

ፋናዬ